የአሥራ ሁለት ጋን ሆድ፣ የአንድ ጋን አፍ

ዘመኑ 1956 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ጥር። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ፀሐይ ነበር። ዝናብ የለም፤ ደመናም የለም።

የማይናገር ሰው ብልህ ይመስላል። ሰው ስለ ሰው ከሚሳሳታቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እውነት ነው፤ አይነቅዝም። ሞኝነትም ግን አፉን ዘግቶ ከተቀመጠ አይነቅዝም፤ ሳይጎድል፣ ሳይሸረፍ፣ እንዳለ ይቆያል። ይህን ከማንም አልሰማሁትም። አገሬው «እሳቸው ቃል አያባክኑም» እያለ ሃያ ዓመት ካከበረኝ በኋላ፣ በዚያ ጥር አንድ በርሜል አምጥቼ ራሴው ደረስኩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አለሚቱ ለአዘና ሰው ታጭታ፣ ሠርጓ ለጥር መጨረሻ ተቆርጦ ነበር። ልጁ ደኅና ልጅ ነው፤ በሱ ነገር የለኝም። አባቱ አያ ቢተው ግን ሌላ ናቸው። ከብታቸው ብዙ ነው፤ ምላሳቸው ከከብታቸው ይበልጣል። ጠላ ቀምሰው የሚሰጡት ፍርድ በአዘና ገበያ ይግባኝ የለውም። ከዓመታት በፊት በአንዲት ልጅ ሠርግ ላይ ጠላው ኮምጥጦ ቢቀርብላቸው፣ ዋንጫውን አስቀምጠው ሙሽራዪቱን «ሆምጣጤ» አሏት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት። ልጅቱ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ልጆቿም የሆምጣጤ ልጆች ይባላሉ። እንግዲህ አስቡት። የሴት ልጅ አባት ጥሎሹን ሊያስብ ይችላል፣ ድግሱን ሊያስብ ይችላል፤ እኔ ሌት ተቀን የማስበው ግን አያ ቢተው ዋንጫውን ካፋቸው ሲያወርዱ የሚወጣውን ቃል ነበር።

በእኛ መንደር የሠርግ ጠላ አንድ ቤት ብቻውን አይጠምቀውም። ጎረቤት ሁሉ ጋን ያውሳል፤ ጋኑን ያዋሰች ሴትም ጋኗን ተከትላ መጥታ፣ የራሷን ጋን ራሷ ታማስላለች። ደግ ልማድ ነው። አንድ ክፉ ነገር ብቻ አለው፤ ጋን የሚለምነው የሙሽራዪቱ አባት ነው። ራሱ መሄድ አለበት። ሄዶም «ጋን ስጡኝ» ብሎ አይመለስም። ይቀመጣል። ስለ ሰዉ ደኅንነት ይጠይቃል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ስለ ንቡ ይጠይቃል፤ የታመመችዋን ጊደር ታሪክ ከነዘር ማንዘሯ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ነው ጋን የሚባል ቃል ከአፉ የሚወጣ። ለእኔ የሚያስፈልገኝ አሥራ ሁለት ጋን ነበር። አሥራ ሁለት ጊደር ማለት ነው።

ይህን እያሰብኩ ስብሰለሰል የባለቤቴ ወንድም ዘለቀ ለሠርጉ ከአዲስ አበባ መጣ። ኮት ለብሷል፣ ባርኔጣ አድርጓል። በአንድ የቢራ ፋብሪካ አምስት ዓመት እንደሠራ ነገረን። እዚያ ጋን የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ቁመቱ ከዝግባ የሚስተካከል ጎታ የሚመስል አንድ ብረት እንዳለ፣ ለአገር የሚበቃው መጠጥ ሁሉ በአንድ ጊዜ በዚያ ሆድ ውስጥ እንደሚፈላ አወራ። ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ «አንድ ነው?» አልኩት። «አንድ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። በቃኝ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ለእኔ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ወሬ ይመስለኛል።

ዳንግላ ከተማ ውስጥ ኑሩ የሚባል ነጋዴ ነበር፤ እህል ይሸምታል፣ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣል። በመጋዘኑ ጥግ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የእንጨት በርሜል አለው። ቁመተ ረጅም ሰው ገብቶ ቢቆምበት የሚታየው ጥምጥሙ ብቻ ነው። በአንድ ወይፈን ለወጥኩት። ኑሩ ወይፈኑን እያሻሸ፣ «አባቴ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?» አለኝ። «ዕቃ ነው» አልኩት። ሳቀ። «እህል ካስቀመጡበት ይባርክልዎት፤ ሌላ ነገር ካስቀመጡበት ግን እኔ አልሸጥኩልዎትም፤ በደጄ ሲያልፍ ነው ያየሁት» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ሲስቅ ማየት ራሱ ምክር ነበር። ማን ይሰማል?

የጭነት መኪና እስከ እንጅባራ መንገድ አምጥቶ ዳር ላይ ጣለልን። ከዚያ ወዲያ ስምንት ሰው ሆነን እያንከባለልን ወደ ቤቴ ወሰድነው። ቤቴ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ወደ ሐይቁ ያዘነብላል። አንድ ቦታ ላይ በርሜሉ ከእጃችን አመለጠና ቁልቁል ወደ ውሃው ተጣደፈ፤ አንድ የኮሶ ዛፍ ይዞ አስቀረልን። ያን ዛፍ ዛሬ ሳልፍበት ቀና ብዬ አላየውም። በየደጃፉ የቆመው ሰው ያየናል። አንዱ «ጋሼ፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? ለኛም ቦታ ይያዙልን» አለ። መልስ አልሰጠሁም። ኖኅም መልስ አልሰጠም ነበር፤ ልዩነቱ ኖኅ ልክ ነበር።

ባለቤቴ የኔነሽ ወጥታ አየችው። ዞረችው። አንኳኳችው። ካፉ እስከ ሥሩ በዓይኗ ለካችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «እጄ ከሥሩ የሚደርሰው እንዴት ነው?» አለችኝ።

«በረጅም እንጨት» አልኳት።

«እሺ» አለች። ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ የሚስት «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ወንድ ካለ ይጻፍልኝ፤ አስረዳዋለሁ።

በርሜሉ በበር ስለማይገባ ከዳሱ ሥር ተተከለ። በግራዋ ታሸ፣ በወይራ ታጠነ፤ ብቅሉም ጌሾውም የነበረን ሁሉ ገባበት። ጥንስሱ ከተጠነሰሰ በኋላ እንኩሮው ተጨመረና ድፍድፉ ሞላ። ባሕር ዛፍ ቆርጬ ማማሰያ አበጀሁ። እንጨቱ ለሴቶቹ ከበዳቸው። እንግዲህ ማን ያማስል? በአገራችን ወንድ ጠላ ይጠጣል፣ ጠላ ያማል፣ ስለ ጠላ ይጣላል፤ አያማስልም። እኔ ግን መሰላል ላይ ወጥቼ አማሰልኩ። ጥሩ አማሳይ ነበርኩ ብዬ አስባለሁ። በጉልበት አዞርኩት፤ እሱም እንደ ወፍጮ ዞረ። ሁለት የጌሾ ቅጠሎች ጎን ለጎን ተንሳፍፈው ነበር። ሃያ ዙር ሲዞሩ ቆጠርኩ፤ ሃያውንም ዙር ጎን ለጎን ነበሩ። «እዩ፣ እንዴት እንደሚዞር!» አልኩ። ለእኔ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

አብሮ መዞርና መቀላቀል አንድ አይደለም። ይህን ያኔ አላወቅሁም። በአንድ ገበያ እየዞሩ የሚውሉ ባላጋራዎችን ያየ ሰው ግን ማወቅ ነበረበት።

አንድ ሳምንት አለፈ። ከላይ አረፋው ነጭ ነው፣ ሽታው ደኅና ነው። የጥምቀት ማግስት የኔነሽ ሸምበቆ ቆርጣ፣ አንጓውን በጋለ ብረት በስታ መጣች። መሰላሉን ወጣች። የሸምበቆውን ጫፍ በአውራ ጣቷ ደፍና እስከ ሥሩ አወረደችው፤ ሥሩ ጋ ሲደርስ ጣቷን አነሣች፣ መልሳ ደፈነችና ሳበችው። እንዲህ እያደረገች ከላይ፣ ከመሀልና ከሥር ቀድታ በሦስት ቅል አቀረበችልኝ። «ይቅመሱ» አለች።

የላዩ ደኅና የተነሣ ድፍድፍ ነው። የመሀሉ እንደ ታለበ ወተት ሞቋል፤ በዚያ ውርጭ! የሥሩን ስቀምስ ምላሴ ሸሸ። ግማሹ ትናንት የተነከረ ብቅል ነው፣ ግማሹ የረጋ ኩሬ። አራተኛ ከበርሜሉ ጎን ጥግ የቀዳችልኝ ደግሞ በረዶ ነበር። በአንድ በርሜል አራት ድግስ ደግሼ ኖሯል፤ አንዱም የሠርግ አልነበረም።

የኔነሽ የነገረችኝ በአገውኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ይቀዘቅዛል፤ ግን ይኸው። «ጥንስስ ልጅ ነው» አለች። «ሲያድግ ይከደናል፤ በልጅነቱ ግን ይተነፍሳል። አሥራ ሁለት ጋን አሥራ ሁለት አፍ አለው። ይህ የእርስዎ በርሜል ሆዱ የአሥራ ሁለት ነው፣ አፉ የአንድ ነው። ከላይ ያለው ይተነፍሳል፤ ከታች ያለው ታፍኖ ሞተ። እርስዎም ሲያዞሩት ሰነበቱ እንጂ አላገላበጡትም። የታቹን ወደ ላይ ማን አወጣው?»

ብቅል አልቋል። ጌሾ አልቋል። ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። አለሚቱ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እንድታለቅስ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ከአሁኑ ይልመዱት» አለችኝ፤ «የሆምጣጤ አባት መባልም ለእርስዎ ነው የሚቀረው።» ከኔ ወጥታለች፤ ጥቂት ትናገራለች፣ የተናገረችው ግን ይቀራል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ዘለቀን ጠራሁት። ሁለተኛውን ጥያቄ ያኔ ጠየቅሁ። «በፋብሪካው የታቹ እንዴት ይተነፍሳል?» አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። እግሩን አየ። ከዚያ የፋብሪካው ዘበኛ እንደነበረ፣ ከበሩ አልፎ ገብቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። አምስት ዓመት ሙሉ በር ላይ! «ታዲያ የዝግባውን ቁመት በምን አወቅህ?» ስለው፣ «በአጥሩ ላይ አናቱ ይታያል» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ቀንም ሌትም ከውስጥ የሚያጉረመርም ነገር አለ፤ ወፍጮ መስሎት ሠራተኞቹን ጠይቆ ነበር፤ «ወፍጮ አይደለም፣ ከሥር አየር የሚነፋ ነው፤ እሱ ከቆመ ሥራው ሁሉ ይበላሻል» ብለውታል። «እንደ ወናፍ ነው እንግዲህ» አለኝ።

ወናፍ! እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ከሚስቱ ጋር ይመክር ነበር። እኔ ወደ ባለእጁ ጎረቤቴ ሄድኩ። ገና እሳት ያላየ፣ በዚያ ሳምንት የሰፋው ወናፍ ነበረው። «ምን ልታቀልጥ ነው?» አለኝ። «ጠላ» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ከመስቀያው አውርዶ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጣችሁ።

ሸምበቆውን ከወናፉ አፍ አስሬ ከበርሜሉ ሥር አደረስኩት፤ ዘለቀ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሸምበቆውን ይዟል፣ እኔ ከታች እነፋለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ቡልቅ አለ። እንደ ጎመን ጥቅል የሚያክል አረፋ በሸምበቆው ጎን ወጥቶ ፈነዳ። ቀጥሎ ሌላ፣ በዚያው መንገድ። ቀጥሎ ሌላ፣ በዚያው። ነፋሱ ለራሱ መንገድ ቀደደና በዚያ ተመላለሰ፤ ግራ ቀኙን ዞር ብሎ አላየም። እልህ ያዘኝ። ባለ በሌለ ጉልበቴ ስጫነው የሥሩ ዝቃጭ የሸምበቆውን አፍ ደፈነው። ወናፉ አበጠ። ዘለቀ «ጋሼ፣ ይተዉት!» አለ። ልተወው ነበር፤ ግን ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ መተው አላውቅም። አንዴ ደገምኩት። ሸምበቆው ተከፈተ፤ የታቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ላይም ወጣ። አረፋው ከበርሜሉ አፍ ፈልቶ፣ በጥምጥሜ ላይ፣ በጺሜ ላይ፣ በጋቢዬ ላይ ወረደ። ዘለቀ ከመሰላሉ ሲወድቅ ባርኔጣው ከበርሜሉ ውስጥ ቀረች።

የኔነሽ ሮጣ መጣች። አልሳቀችም፤ ይህን እመሰክርላታለሁ፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀጠቀጠ። «ነፋሱም እንደ እርስዎ ነው» አለችኝ፤ «አንድ መንገድ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም።» በጋቢዋ ጫፍ ዓይኔን ጠረገችልኝና ቀጠለች። «አሁንም አልሞተም። ከሥር እየዛቅን፣ ከፍ አድርገን እያንቆረቆርን ብንከፋፍለው ነፍስ ይዘራል። ግን ጋን ያስፈልጋል። አሥራ ሁለት።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይላሉ። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሎሚው በጺሜ ላይ እየተንጠባጠበ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጺሜን ታጥቤ ወጣሁ። መጀመሪያ የደረስኩት እትዬ አምሳል ዘንድ ነው፤ ከመንደሩ ሴቶች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። ገና ከደጅ «እንደምን...» ስል፣ ጋናቸው ከበሩ አጠገብ ታጥቦ፣ ታጥኖ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ አየሁት። «በርሜልዎ በደጄ የተንከባለለ ዕለት ነው ያጠንኩት» አሉኝ። «ዛሬ ሁለተኛ ላጥነው ነበር። የት ቆዩ?» በሁለተኛው ቤትም እንዲሁ ነው፤ በሦስተኛውም። አሥራ ሁለቱም ጋን ታጥኖ ይጠብቀኝ ኖሯል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጋኑ ተዘጋጅቷል ብለው ግን ከሰላምታው አልማሩኝም። እንዲያውም ጨመሩበት። «ሰዉ ደኅና ነው? ከብቱ ደኅና ነው? ንቡ ደኅና ነው? በርሜሉስ ደኅና ነው?» ይሉኛል። በየቤቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» እያልኩ ዞርኩ።

በማግሥቱ ሴቶቹ ከነጋናቸው መጡ። በርሜሉን ከላይም፣ ከመሀልም፣ ከሥርም እየቀዱ፣ ቅሉን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው እያንቆረቆሩ አከፋፈሉት፤ አየር ሳይነካው የወረደ ጠብታ የለም። ከዚያ እያንዳንዷ ጋኗ አጠገብ ተቀመጠች። ማማሰያውን ሲያዞሩ አላየሁም። ከሥር አስገብተው ወደ ላይ ይገለብጣሉ፤ እንደ ሊጥ፣ እንደ እርሻ። እርሻ ስል ተናደድኩ። አርባ ዓመት አፈር ስገለብጥ የኖርኩ ሰው እንዴት ይህን አጣሁት? መሬቱን በማረሻ ዙሪያውን ሸንተር አድርጌ ብተወው አዝመራ ይሰጠኝ ነበርን? በሦስተኛው ቀን ጋኖቹ ማፍላት ጀመሩ፤ ጆሮ ሲደገንባቸው ይሰማል። የኔነሽ ከጎረቤት ጌሾ ጨምራ ውሃውን ሞላችና አፋቸውን በጭቃ መረገች። ያን ጊዜ ነው የሚከደነው፤ ሲያድግ።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ሞላ። አያ ቢተው በሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጠው ዋንጫ ተቀበሉ። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ አለሚቱ ከመጋረጃው ኋላ አለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ጠጡ። ዋንጫውን ዝቅ አደረጉ። አሰቡ። እንደገና ጠጡ፤ እስከ አተላው ጨረሱት።

«ይህን ጠላ የጠመቀው ማነው?» አሉ።

የኔነሽ ከጓዳው በር ላይ፣ አሥራ ሁለቱ ሴቶች ከኋላዋ ቆመው፣ ዓይኗን ሳትሰብር «የሙሽራዪቱ አባት ናቸዋ!» አለች። «ወናፍ እየነፉ ጠመቁት!»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ባለእጁ ጎረቤቴ ስለ ወናፉ መሰከረ። ዘለቀ ስለ አረፋው ተናገረ። አያ ቢተው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ስቀው፣ ዋንጫውን ወደ እኔ ዘረጉና ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «በል እንግዲህ፣ ጠማቂው፣ ድገመኝ!» አሉ።

ይግባኝ የለውም ብያችኋለሁ። ልጄ ስሟን ይዛ፣ አለሚቱ እንደተባለች ወደ አዘና ሄደች። «ጠማቂው» ለእኔ ቀረ፤ ዛሬም እንጅባራ ገበያ ወርዶ እናትና አባቴ ባወጡልኝ ስም የሚጠይቅ ሰው ቤቴን አያገኘውም።

ያኔ ምሰሶው ሥር ቆሜ ጥቂት አሰብኩ። ልቆጣ እችል ነበር፤ ልወጣም እችል ነበር። ስም የወጣለት ሰው ሥራውን ቢሠራ ይሻለዋል ብዬ ወሰንኩ። ገንቦውን ከቀጂው እጅ ተቀበልኩ፤ ከፍ አድርጌ እያንቆረቆርኩ፣ አረፋው እስኪነሣ፣ የአያ ቢተውን ዋንጫ እስከ አፉ ሞላሁላቸው።